ካፖርቱ

አባቴ ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቅ ነው ሥራው፤
ጥቅል አቡጀዴ የላጠው ትከሻው።
በሳምንት የሚጭነው ጦሳን ያለብሳል፣
ከጦሳ የተረፈው አዝዋ ገደል ይደርሳል።
እኛ ቤት ግን ካፖርት አንድ ነው፤
ያውም ሦስት ቁልፍ፣
አራተኛው መርፌ ቁልፍ።
እናቴ ከልባሽ ጨርቅ ክምር ስታወጣው
ገበሩ ላይ የፈረንጅ ስም ተጠልፎ አገኘች፤
"ዱዓ አድርጉለት" አለችን።

ታች ቆላው ይሞቃል፤ ደሴ ላይ ይበርዳል፤
ይህም ለእናቴ ለጦይባ ከበጀት ይገባል፦
"እዚያ ፀሐዩ በነጻ! ካፖርት ምን ይሠራልሃል?"

ስለዚህ ሰኞ ሰኞ፣ ጎህ ገና ሳይቀድ፣
ለብሶት ይወጣል፣ በጉም በታፈነ መንገድ፤
ዶሮ መዝለያን አልፎ ቆላው ሽው ሲለው፣
ግንባሩን ላብ ነገር ቸፍ ቸፍ ሲያደርገው፣
ያወልቅና፣ አጥፎ፣
ለሚኒባሱ ረዳት ለደምሌ፦
"ስትመለስ ለጦይባ።"

ካፖርቱ ለብቻው ዳገቱን ይወጣል፤
ያለ ሰው፣ ያለ ሒሳብ፣ ወንበር ሥር ተኝቶ ይመጣል።
ኪሱ ባዶ አይሆንም፤
አንዳንዴ ሁለት ሎሚ፣ አንዳንዴ የተበጠሰ ክር፣
አንዳንዴ የምሳው ዳቦ፣ ግማሹ፣
"ጠግቤ ነው" ከምትል ብጣሽ ወረቀት ጋር።

እኔ የጧት ፈረቃ፣ ኑሪት የከሰዓት፤
ወፍጮ ቤቱ ጥግ ነው ምንቀያየርበት።
ሳወልቅ ትለብሳለች፣ ሙቀቱ ሳይወጣ፣
"አታባክን!" እያለች፣ የእናቴን ድምፅ ቀምታ።
ሲመሽ ለትንሹ ብርድ ልብስ ይሆናል፣
ለቅሶ ሲደርስ ደግሞ ጎረቤት ይወስዳል።

ሌላውም እንዲያው ነው።
ሽንኩርት የምንገዛው ሰኞ ገበያ ሲበተን፣
ነጋዴው ሸራውን ሲያጥፍ፣
ጋሪ የረገጠው ሲረክስ።
አምፖሉ ከግድግዳው ቀዳዳ ላይ ነው፤
ግማሹ ብርሃን የእኛ፣ ግማሹ የእነ እንጉዳይ፤
ጠብ የሚነሣው ማን ቀድሞ ተኛ በሚል ነው።
ዘይት በብርጭቆ፤ ባዶውን ጠርሙስ እናቴ
ገልብጣ ድስቱ አፍ ላይ ታሳድረዋለች፤
ጧት ሦስት ጠብታ ይገኛል፤
"የሌሊት ገቢ" ትለዋለች።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ሰኞ፣ ካፖርቱ ቀረ።
ማክሰኞም ቀረ።
ኑሪት ነጠላ ደርባ ሄደች፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ፤
እኔን ሳል ያዘኝ።
እናቴ አልተራገመችም፤ ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች፣
የልባሽ ተራውን ዋጋ፣ የዕቁቡን ቀን፣ የቤቱን ኪራይ፤
ከየትም አልወጣላትም።

ረቡዕ ማለዳ መነኸሪያ ወረድን።
"ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! አንድ ሰው ብቻ!"
ደምሌ ነው፣ በር ላይ ተንጠልጥሎ፣
በእኛ ካፖርት፣ ኮሌታው ተገትሮ፤
ከሥሩ ካናቴራ ብቻ፣
እሱም ቀዳዳው ተቆጥሮ የማያልቅ።
ሲያያት ወረደ። ሳይናገር
ቁልፉን ይፈታ ጀመር፤
አንድ። ሁለት። ሦስት።
አራተኛው ላይ ጣቱ ዘገየ፤
መርፌ ቁልፍ አልነበረም፣
አረንጓዴ ቁልፍ፣ በጥቁር ክር፣
በወንድ ልጅ ስፌት የተወላገደ።

እናቴ ቁልፉን አየች። ካናቴራውን አየች።
ጉሙን አየች።
"አብሽር" አለችው፤ "ማክሰኞና ሐሙስ
የጧቱን ምልልስ ልበሰው፤
አምስት ሰዓት ላይ ወፍጮ ቤቱ ጋ አድርሰው።"
ከማን ላይ እንደቀነሰች አልጠየቅሁም፤
የጧት ፈረቃ እኔ ነኝ።

ቅዳሜ አባቴ ለብሶት ገባ፣
ቁልፉን በአውራ ጣቱ እያሻሸ፦
"ይህ ደግሞ ከየት መጣ?"
"ኪራይ ነው" አለች እናቴ፣
ጠርሙሱን እየገለበጠች።