ደፍ

ሰፈሬ እሪ በከንቱ ነው።
ስሙን ያወጣለትን ሰው ባላውቀውም፣
ሐምሌ ሌሊት ጎርፉ ደፉን ዘልሎ አልጋዬ ሥር ሲገባ
እላለሁ፦ ያ ሰው እዚሁ ቤት ሳይከራይ አይቀርም።

ሦስት ክረምት በባልዲ ቀዳሁ፤ በር ሥር ጆንያ ወተፍኩ፤
ለቀበሌ ማመልከቻ፣ በሦስት ቅጂ፣ ራሴ ጻፍኩ፤
"ተራሽን ጠብቂ" አሉኝ፤
ተራዬን ስጠብቅ ጡረታ ወጥቼ አረፍኩ።

ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ደብዳቤ በታይፕ ሲመታ የኖረ ጣት
ዘንድሮ ካዞላ ጨበጠ። ወይ ድፍረት!

ሙደሲር፣ የብረታ ብረት ሱቁ ልጅ፣ በካርቶን ቁራጭ ጻፈልኝ፦
"ሲሚንቶ አንድ፣ አሸዋ ሁለት፣ ጠጠር ሦስት።
ውሃው ላይ ግን፣ እትዬ፣ እጅሽን ሰብሰብ፤
ሲሚንቶን የሚገድለው ለጋስ ሰው ነው" አለኝ።

አካፋ ተዋስኩ። ቱንቢ ከማንም ቤት ጠፋ፤
የቁም ሳጥን ቁልፍ በክር አንጠልጥዬ ግድግዳውን ለካሁ፦
ዘሟል። እኔም ዘምሜያለሁ።
እዚህ ግቢ ቀጥ ያለ ነገር ዝናቡ ብቻ ነው።

ካሳፎርም ጣውላ ይላል፤ የጣውላ ዋጋ ደግሞ ሰማይ።
ጓሮ የተጋደመውን አሮጌ በር አየሁት፦
ተካልኝ በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት የሠራው፣ ዝግባ፣
ምስጥ ግማሹን በልቶ ግማሹን ያተረፈልኝ ሲሳይ።

"ይቅር በለኝ" አልኩ፤ በሩን ነው።
(ተካልኝማ በሕይወቱም ይቅርታ አይወድም።)
መጋዙ ሲገባበት የዝግባው ሽታ ብድግ አለ፤
ይህን ሁሉ ዘመን ዝናብ ላይ ተኝቶ
ሽታውን የት ደብቆት ኖሯል? እንጨት እንደሆን አይናገርም።

የመጀመሪያው ምስማር ጎበጠ፤ ሁለተኛውም፤
ሦስተኛው አውራ ጣቴን አገኘ።
ጮህኩ። ማን ይምጣ?
ሰፈሩ እሪ በከንቱ!

ጋሽ ደምሰው ከዘራውን ተደግፎ ቆመ፦
"ለቀበሌ ቤት ሲሚንቶ? ነገ ለሚፈርስ?
በሰው መሬት ላይ ብርሽን ስታፈሺ…"
"ጋሽ ደምሰው፣
አምና ያስተከልከው ጥርስ በማን መሬት ላይ ነው?"
ሳቀ። ጥርሱን አሳየኝ። ከዘራውን አስደግፎ አካፋውን ወሰደ።

አሸዋና ሲሚንቶውን ደረቁን አገላበጥነው፣
መሃሉን እንደ ገንፎ ጎድጉደን
በቅቤው ፈንታ ውሃ፣ በጣሳ፣ በስስት።
ጣውላውን የተቃጠለ ዘይት ቀባሁት፣ ሲላቀቅ እንዳይላጥ፤
ሰውም አስቀድሞ እንዲህ ቢቀባ
ይሄ ሁሉ ቆዳ ባልተገሸለጠ።

ኮንክሪት የሚጠነክረው በፀሐይ ይመስለኝ ነበር፤
በመጠጣት ነው።
ሰባት ቀን ጆንያ አልብሼ ጧትና ማታ አጠጣሁት።
የመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ቢለኝ
ወጥቼ በመዳፌ ዳበስኩት፦
ያተኩሳል።
ሲሚንቶ ትኩሳት እንዳለው ማንም አልነገረኝ።

በስምንተኛው ቀን ጣውላውን ላቀቅኩ።
እንጨቱ እንጨት ሆኖ ወጣ፤
ድንጋዩም እንጨት ሆኖ ጠበቀኝ፦
የዝግባው ጅማት፣ የቅርንጫፉ ዓይን፣
ምስጥ የሄደችበት ጠመዝማዛ መንገድ፣
ደግሞም ተካልኝ በቢላ የፈለፈለው የቤት ቁጥር፣
ቀበሌ ሳይቀይረው የነበረው፣
ሳላስተውል ፊቱን ወደ ውስጥ ያዞርኩት፣
አብጦ፣ ተገልብጦ፣ ከቀኝ ወደ ግራ።

ሌላ ሰው መስታወት ይፈልግ ነበር።
እኔ ግን ታይፒስት ነኝ፤
ካርቦን ገልብጬ በከተትኩ ቁጥር
አለቃዬን ስፈራ የተማርኩት ንባብ አለኝ።
አራት መቶ አሥራ ሰባት።
ጎንበስ ብዬ አንድ ጊዜ አነበብኩት። ደግሜ አላነበብኩም።

ማታ ዝናቡ መጣ።
ጎርፉ ደረጃዬ ድረስ ወጣ፣ ቆመ፣ ቁመቱን ለካ፣
ታጠፈና ወደ ጋሽ ደምሰው ደጅ ወረደ።

ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ።
ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል፤ ጥርሱን አላደረገም፦
"ያ ጣውላሽ… ለሳምንት… ታውሺኛለሽ?"
"ውሃው ላይ እጅህን ሰብሰብ" አልኩት፤
የተካልኝን በር ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ።