ሃያ ሦስት ስም

ከራስ መኮንን ድልድይ ሽቅብ ሲወጣ ሰው፣
አረንጓዴ በር አለ ዝገት የለበሰው።
እዚያ ነው ሥራዬ፤ ሃያ ሦስት አልጋ፣
ሳል ስቆጥር የማድር ሌሊቱ እስኪነጋ።

ስቀጠር መጀመሪያ ሚስማር ላይ ያየሁት
አንድ የጥፍር መቁረጫ ነው፣ በሲባጎ ያሰሩት።
ሁለት መቶ ሠላሳ ጣት አንዲት ብረት ስትበላ፣
ካንዱ ቁስል ወጥታ ስትገባ ወደ ሌላ።
መላጫውም አንድ ነበር፤ ቅዳሜ ሲመሽ ይወጣል፤
ሻለቃ በላቸውን ላጭቶ ለጋሽ ዘርጋው ይመጣል።

የሻለቃ ዓይን ገረጣ፤ ቢጫ ሆነ ነጩ፤
«የወፍ በሽታ ነው» ብለው እንደ ወፍ ተንጫጩ።

ወፍ አይደለም፤ ደም ነው። ክንፍ የለው፣ አይበር፤
በምላጩ ስለት ላይ ደርቆ የሚያድር ነበር።
ሳምንት የሚታገሥ፣ ዝም ያለ፣ የማይታይ፣
ጭረት እስኪያገኝ ድረስ በሌላ ሰው ጉንጭ ላይ።

ደሞዝ የወጣ ዕለት፣ ፒያሳ፣
ሃያ ሦስት መቁረጫ፣ ዘጠኝ መላጫ ስገዛ፣
«ሱቅ ልትከፍቺ ነው?» አለ ባለሱቁ እንደ ዋዛ።

በፕላስተር ላይ ስም ጽፌ በየእጀታው ስለጥፍ
ጋሽ ዘርጋው ተቆጡ፦
«ካንድ ድስት የሚበላ፣ አንድ ቤት የሚኖር፣
ይለያል ወይ በስም፣ እንደ መቃብር?
ሻለቃ ወንድሜ ነው፤ ምን ልትሸሽጊኝ ነው?
ልጅ ጥሎን ቢሄድ እንኳ እኛ ነን ያለነው።»

«ይጎራረሱ አብረው፤ እጃቸውን ይጨብጡ፤
ዳማ ይጫወቱ፤ ባንድ ጋቢ ይቀመጡ።
ጉርሻ ደም አይነካም። ምላጭ ግን ይለያል፤
ምላጭ አያውቅምና ማን ማንን ይወዳል።»

ዝም አሉ። ረጅም ጊዜ።
ጋሽ ዘርጋው፣ ዶሮ ማነቂያ፣ አርባ ዓመት ጸጉር ቆርጠዋል፤
ሱቃቸው ፈርሷል ዛሬ፤ ላዩ ላይ መኪና ያልፋል።
«ያኔ» አሉ፣ «አንዷን ምላጭ ለሁለት እሰብርና
በብርጭቆ ሆድ እስላታለሁ ስትደንዝ እንደገና።
አንድ ደንበኛ ነበረኝ፣ ፖስታ ቤት የሚሠራ።
ዓይኑ ቢጫ ሆኖ መጣ። ላጨሁት።
ከዚያ ወዲያ የተቀመጠው ልጅ...»

አልጨረሱትም።

በማግስቱ እስክሪብቶ ጠየቁኝ።
በሚንቀጠቀጥ እጅ የቀረውን ስም ጻፉ፤
የእትዬ አመለወርቅ «ወ» ጎብጣ ቀረች።
አሁን ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ
የስኳር መለኪያ ይዤ ከአልጋ አልጋ ስዞር፣
በነጠላ ጫማ ከኋላዬ ናቸው፦
«ጓንት ቀየርሽ? መርፌዋስ የማን ናት?
በረኪናው የት አለ?» ያሰለቹኛል፤
ደግሞም ደስ ይለኛል።

እትዬ አመለወርቅ በሐምሌ አረፉ።
ልጃቸው መጣ፤ ጋቢውን፣ ፎቶውን፣ መቁጠሪያውን ሰበሰበ።
መቁረጫዋን አነሣ፦ «ይቺስ ደህና ናት፤ ለአንዱ ትሁን።»
ጋሽ ዘርጋው ከእጁ ተቀበሉ።
የጎበጠችዋን «ወ» በአውራ ጣታቸው ዳበሱ፤
«ይቺ አትወረስም፣ ልጄ» አሉና
ቢጫው ሣጥን ውስጥ ጣሏት።

ኪው አለች።