ቤቶች!

ቀን ቀን የሰው ማመልከቻ ነው ሥራዬ፤
አውቶፓርኮ ሠፈር፣ የቤታችን መስኮት ናት ሱቄ፣ አደባባዬ።
«ለሚመለከተው ሁሉ» ብዬ እጀምራለሁ፤
ማንን እንደሚመለከት እኔም አላውቀው፣ ብቻ እጽፋለሁ።
ገጹን አሥር ብር፣ ለማኅተም የሚሆን ቦታ ትቼ፣
ስንቱን አቤቱታ ሰደድኩት፣ መልሱን ሳልሰማ፣ እዚሁ ተጎልቼ።

ማታ ግን
ያው ኮምፒውተር፣ ያው አሮጌው፣ ጎኑ በፕላስተር የታሰረው፣
ማራገቢያው እንደ አስም በሽተኛ ሲያቃስት የሚያድረው፣
ፊቱን ከወረዳ ወደ ሰማይ ያዞራል፤
ባሕር ማዶ፣ ሸለቆ ውስጥ የተጋደመ ትልቅ ጆሮ የሰማውን ይዘረዝራል።

ድምፁን የሚያመጣልኝ ሻረው ነው፣ የማራኪ ግቢ ጥበቃው፣
እንደ ጠበል በፍላሽ ቀድቶ፤
«ዛሬም የሰማይ ጉድፍ ይዤልህ መጣሁ» ይላል፣ ስቆብኝ፣ ሻዬን ጠጥቶ።
እውነቱን ነው። ኮምፒውተሬ ሌሊቱን ሲያበጥር ሲያንጓልል፣
ጠዋት «ምንም የለም» ይላል።
ሰማይ ጸጥታ ይመስለኝ ነበር፤
ለካ ቅዳሜ ገበያ ነው፦ ሁሉ ይጮኻል፣ የለም የሚናገር።

ይርገዱ ቆጣሪውን አይታ፣
«ለማን ነው የምናበራው?» ትላለች በሌሊት፤
«የመቶ ብር ካርድ በአራት ቀን! እንግዶችህ ሲመጡ ይክፈሉት።»
ምን እላለሁ፤ ቀዩ ቁጥር ሲያሽቆለቁል አያለሁ፣
ኩርምት ብዬ መቶኛውን እቆጥራለሁ፤
ስልሳ ሁለት…
ስልሳ ሦስት…

ባለፈው ጥቅምት፣ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ዕለት ማታ፣
አንዲት መስመር ቀጥ ብላ ቆመች ከዚያ ሁሉ ሁካታ።
እንደ ጦር፣ እንደ ጣት።
ይርገዱን ቀሰቀስኳት።
ጫማ ሳላጠልቅ ግቢ ወጣሁ፤ የፋሲል ማማ በጨለማ ቆሟል፤
ከዚያ ላይ ስንት ዘበኛ አቧራ አይቶ «መጡ!» ብሏል፣
ነፋስ ሆኖበት።

በማግሥቱ ሻረው ነገረኝ፣ ከሚያውቁት አጣርቶ መጥቶ፦
የኛው ሳተላይት ነው፣ በዚያ ያለፈ ጥሩንባውን ነፍቶ።
ባጃጅ በለው።
የሰማይ ባጃጅ።

ትናንት ማታ፣ ሰባ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ፣ መብራት ጠፋ።
ማራገቢያው አቃስቶ ቆመ፤ ሠፈሩ ባንዴ ተደፋ።
ይርገዱ ተኝታለች። እኔ እዚያው እንደተቀመጥኩ፣
እስትንፋሴን ይዤ፣ ይመለስ እንደሆን እያዳመጥኩ፣
ከበር ላይ፦
«ቤቶች!»

እትዬ ጠጄ ናቸው፣ ጎረቤቴ። ድምፃቸውን አውቀዋለሁ።
«ቤቶች!» አሉ ደግመው። እሰማለሁ።
ግን አልመለስኩም።
ጆሮዬ ሥራ ላይ ነበር መሰለኝ፤ አፌ የት እንደሄደ አላውቅም።
ሦስተኛውን ዝግ አድርገው ጠሩ፤ ከዚያ ለራሳቸው
«የሉም መሰለኝ» አሉ፤ ራቀ የነጠላ ጫማቸው።

የሉም መሰለኝ!

አለሁ እኮ፤ ሁለት ክንድ አልሞላም ከበሩ።
ምናልባት እዚያም፣ ካንዲት ኮከብ ጓዳ፣ መብራት የጠፋበት አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ አለ፣
እስትንፋሱን ውጦ፣ «ማን ይጠራኝ ይሆን» እያለ፤
እኔም እዚህ ጆሮ፣ እሱም እዚያ ጆሮ፣
መሐላችን ደጁ ሙሉ፣ በዝምታ ታጥሮ።

ተነሣሁ፣ ወንበሩን ጥዬ፤ በሩን ከፍቼ ጮህኩኝ፣
«አለን! እትዬ ጠጄ፣ አለን!» አልኩ፣ የሠፈሩ ውሻ እስኪነሣብኝ።
እሳቸው ዞረው፣ በምትሞት ስልካቸው ፊቴን አበሩና
«ምነው ልጄ፣ ደኅና?»

ሻማ ፈልገው ነው። ግማሽ ሻማ ነበረች፣ ሰጠኋቸው።
ከበሩ አልገባሁም፣ እቤታቸው እስኪገቡ አየኋቸው።

መብራቱ እስካሁን አልመጣም። ሰማዩ ሰባ ዘጠኝ ላይ ቆሟል።
በቀረችው ሃያ አንድ ውስጥ ማን እንዳለ፣
መብራት ሲመጣ ይታወቃል።