መቃን

ሐምሌ ነው፤ ጅማ ላይ ሰማይ የሚባል ጠፍቷል፣
ደመናው ጅሬን አናት ላይ ተኮራምቶ ተኝቷል።
አንድ እግሩ የወለቀ በርጩማዬን አቅፌ፣
የጭቃውን መንገድ በድንጋይ በድንጋይ አልፌ፣
ከሂርማታ ጀርባ፣ ሲራጅ አባ ዋሪ ደጅ ደረስኩ፤
መጋዙ እስኪያርፍ ቆሜ ጠበቅኩ።

«ብብትሽ ሥር ያለው ወረቀት ምንድነው?» አለኝ።

«ኮፒ ነው» አልኩት፤ «የተቀረጸ እንጨት፤
ከየብስ ሁሉ የራቀች ደሴት፣ ራፓ ኑይ የሚሏት፣
በሻርክ ጥርስ የጻፉባት፣
አንባቢዎቹ አልቀው ጽሕፈቱ የቀረባት።»

መነጽር የለውም። ወረቀቱን አፍንጫው ድረስ አስጠጋ፣
ጥፍሩን እንደ መሮ መስመሩ ላይ ዘረጋ።
«ዓሣ» አለ። «ወፍ» አለ። «ይኼ እጁን የሰቀለ ሰው።»
ሁለተኛው መስመር ላይ ግን ጣቱን አንድ ነገር ያዘው።
«ተዘቅዝቀዋል፣ አየሽ?» ወረቀቱን አዞረው።
ሦስተኛው መስመር ላይ ደግሞ መለሰው።
«አልሳተም ሰውየው።
እኔስ በርጩማ ስፈለፍል እጄ መቼ ይዞራል?
እንጨቱ ነው እንጂ፤ እንጨቱ ይታዘዛል።»

መጽሐፉ በሦስት ገጽ ያተተውን ነገር
እሱ ጨረሰው፣ ስኳሩ ሳይሟሟ ከብርጭቆው ሥር።

ከዚያ ማጭድ ማጭድ የሚመስሉት ላይ ደረሰ።
«ይኼማ ጨረቃ ነው» አለ፤ ድምፁ ቀነሰ።
ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ... በጥፍሩ እየነካ፣
መብራት ሄዶ መጣ፤ እሱ አላየም ለካ።

«ዓሣው ራሱን ቀና አድርጓል፤ እየሞላች ነው።
እዚህ ጋ ክብ ውስጥ ተቀምጧል አንድ ሰው፤
ከእሱ ወዲህ ዓሣው ተደፋ፤ መጉደሏ ነው።
እነዚህ ሁለት ትንንሾች፣ ጥግ ላይ የቀሩት፣
ወሩ ካጠረ የሚጣሉ፣ ከረዘመ የሚቆጠሩት።
እኛስ ረመዷን ሲያልቅ መስጊድ ደጅ አንጋጠን፣
‹ታየች›፣ ‹አልታየችም› እየተባባልን፣
አንድ ቀን ከእጃችን ያመልጠን የለ?
እናንተስ ጳጉሜን ከየት አመጣችኋት?» አለ።

ሳቅን።
«ታዲያ ምን ይላል?»
«አይታወቅም» አልኩት።
«ሌሊት መቁጠሩ ይታወቃል። መረብ የሚጣልበት ሌሊት የቱ ነው፣
ዘር የሚነካበት፣ ከደጅ የማይወጣበት፣
የሚነግረን ጠፋ።
ይኼ ኮከብ የሚመስለውም፣ ኮከብ ይሁን የባሕር እንስሳ፣
ሦስት ሊቃውንት፣ ሦስት መልስ።»

የእጁን ብናኝ በሱሪው ጠረገ፣
«ነይ» ብሎ የጓዳውን በር ገርበብ አደረገ።

መቃኑ ዋንዛ ነው። ከወለሉ እስከ ደረቴ
ጨረቃ፣ ጨረቃ፣ በቢላ ጫፍ የተጫረ፣ ረድፍ በረድፍ።
አንዳንዱ ረድፍ መሐል ሦስት ጭረት የተሻገረበት ኮከብ።
አንዳንዱ ላይ ምንም።

«ነጂማ ናት» አለ። «ፊደል አልቆጠረችም።
አርባ ዓመት ስንኖር አንድ ቀን አልነገረችኝም።
ሌሊት ስትነሳ እሰማለሁ፤ ጭርር፣ ጭርር ይላል፤
አይጥ ነው እላለሁ። ሰው አይጥ ነው ብሎ ይተኛል።
ከሄደች በኋላ፣ አምፖል ልቀይር መሰላል ስደግፍ አየሁት።
ጨረቃው ገባኝ። ቀን መቁጠሯም ገባኝ።
ኮከቡ ምንድነው?
ጽንሱ የወረደባት? ጅዳ ያለው ልጅ የደወለበት?
ወይስ እኔ የተቆጣሁበት?
ቀለም ቀቢዎቹን፣ ሌላውን ቀቡ፣ ይኼን አትንኩ አልኳቸው።
እኔም እንደዚያ እንደ ሊቆችሽ ነኝ፤
ሦስት መልስ አለኝ።»

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ወረደ። ከዚያ በላይ አልተናገረም።
እግሩን መታ፣ አጣበቀ። ወረቀቱን ተውኩለት። ገንዘብ አልተቀበለም።

ማታ በርጩማውን ገልብጬ የተጠገነውን ስዳብስ፣
ከመቀመጫው ሥር አንዲት ጨረቃ አገኘሁ፣
ብናኟ ገና ያልረገፈ።
አጠገቧ ኮከብ የለም።
ወይስ ያቺ ነጥብ፣ መሮው የሳታት የመሰለችኝ?

ሐሙስ ገበያ ነው።
ዘነበም አባራም
ሄጄ እጠይቀዋለሁ።