የቀረችው አርባ ደቂቃ

ኔቪል ገና በጠዋት ካርታውን ዘርግቶ፣
በቀይ እርሳስ ያሰምራል ወጥ ቤት ተጎልቶ።
«መጀመሪያ ግንቡን፣ ቀጥሎ ገዳሙን፣ ከዚያ የባሕሩን ዳር፣
ከዚያ ሻይ፤ ሳይመሽ ተመልሰን ቤታችን ለማደር።»
ዶሪን ካርታ አታይም፤ እንቁላሉን ልጣ፣ ዳቦውን ቀብታ፣
በሰም ወረቀት ትጠቀልላለች፣ ፔርሙሱን ሞልታ።
«ይዘንባል» አለች፣ መስኮቱን ሳታይ።
«ያባራል» አለ፣ ከካርታው ቀና ሳይል።
ትዳራቸው ይኸው ነው፣ አርባ ዓመት በተራ፣
እሷ ስታዘንብ፣ እሱ ሲያባራ።

እኔ የፎቅ ክፍላቸውን የተከራየሁ ነኝ፣ የመንፈቅ እንግዳ፤
«አገሩን ሳታየው እንዳትሄድ፣ ይሆንብናል ዕዳ»
ብለው ከኋላ ወንበር አስቀመጡኝ መሐል፣
በአንድ ጎኔ ጃንጥላ፣ በሌላው ብርድ ልብስ ተቆልሏል።

የዮርክሻየር መንገድ ጠባብ ነው፤ የድንጋይ አጥር ይዞታል ግራ ቀኙን፤
ትራክተር ከፊት ሲያዘግም ማንም አይነፋም ጥሩምባውን።
ሃያ መኪና ተሰልፎ ይከተላል በዝግታ፣
ቀብር የሚሸኝ ይመስል፣ በትልቅ ይሉኝታ።

ግንቡ ጋ ስንደርስ በሩ ተቀርቅሯል፤
«ጣሪያ እየጠገንን ነው፣ ይቅርታ» የሚል ወረቀት በላስቲክ ተሸፍኖ ተንጠልጥሏል።
ኔቪል ሁለቴ አነበበው፤ ሁለቴም ያው ሆነበት።
«ከውጭም ያምራል» አለ። ከውጭ ግን ጉም ነበረበት።

ገዳሙ ፍርስራሽ ነው፣ ከጥንት ጀምሮ ጣሪያ የለውም፤
«ይኼ እንኳ» አለች ዶሪን፣ «ለጥገና አይዘጋም።»
ሰማዩ በአንዱ መስኮት ገብቶ በሌላው ይወጣል፤
መሠዊያው በነበረበት አንዲት በግ ትግጣለች፤ ዝናቡ ይመጣል።

ከዚያ ባሕሩ። ገደሉ አናት ላይ፣ መኪና ማቆሚያ፤
ሳንቲም ለሚበላ ሳጥን ተከፈለ የሁለት ሰዓት መቆያ።
ኔቪል ቲኬቷን እንደ ርስት ደብዳቤ በሁለት እጁ ይዞ
ከመስታወቱ ሥር አኖራት።
ተቀመጥን፤ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ፣
ባሕሩ ከፊታችን በዝናብ ተሸፍኖ፣ በትንፋሻችን ተቀብቶ።
በግራችን አንድ መኪና፣ በቀኛችን አንድ መኪና፣
በየውስጣቸው ሁለት ሽበት፣ ሳንድዊች፣ ፔርሙስ፣ ዝምታና
ወደማይታይ ውኃ የዞረ ፊት።

«እንውጣ እንዴ?» አልኩ።
«አንድ ሰዓት ከሃያ አለን» አለ ኔቪል፣ «የከፈልኩበት ነው።»
አልፎ አልፎ መጥረጊያውን አንድ ጊዜ ያወዛውዘዋል፤
ባሕሩ ብቅ ይላል፣ ግራጫ፣ ሰፊ፣ የተቆጣ፣ ከዚያ ይጠፋል።
«አየኸው?»
«አየሁት።»
«ያ ነው እንግዲህ።»

ዶሪን በተን ያለው መስታወት ላይ በጣቷ ክብ ሣለች፤
«እዚህ ጋ የመብራት ማማው ነው» አለች፤
«እዚህ ጋ ሸርጣን አጥማጁ ጀልባውን ያስራል፤
እዚህ ጋ በሰባ ስምንት የኔቪል ሱሪ ተቀዷል።»
«ሰባ ዘጠኝ ነው» አለ እሱ፣ አፉ ዳቦ እንደሞላ።
ሁሉን በየቦታው አኖረችው፤ በጣቷ ጫፍ ባሕሩ ሞላ፤
እኔም ያላየሁትን ሳይ ቆየሁ፣ ዳቦ በእንቁላል ስበላ።

ጉልበቱ ደነዘዘና ኔቪል ሰዓቱን አየ።
አንዲት ቀይ መኪና ገባች፤ ሦስት ልጆች፣ የላስቲክ ቦት፣
ሳንቲም ፍለጋ ኪሱን የሚገለብጥ አባት።
ኔቪል ኮፍያውን ደፋና በዝናቡ ወረደ፤
ቲኬቷን በመዳፉ ከልሎ ወደ ሰውዬው ሄደ።
«አርባ ደቂቃ ቀርቷታል» ሲል ሰማሁት። «ምን ትባክን!»
ይቅርታና ምስጋና ተቀባበሉ፤ ማን ምን እንዳጠፋ አልገባኝም።

ኮረብታውን ስንወጣ ከኋላችን ሰማዩ ተተረተረ፤
ባሕሩ ሰማያዊ ሆኖ እስከ ጥግ ተበተረ፤
የመብራት ማማው ነጭ ሆኖ ቆመ፣ ዶሪን ካኖረችው ትንሽ ወደ ግራ።
«አላልኩም?» አለ ኔቪል፤ «ይኸው አባራ!»
«እንመለስ?» አልኩ። ዶሪን ፍርፋሪ ከቀሚሷ እያራገፈች
«አይ፣ ይህቺ ፀሐይ የእነሱ ናት» አለች፤
«በአርባው ደቂቃ ውስጥ ወጥታለች።»