ያልጨረስነው ጨርቅ

አራት ነበርን እኛ፤ ሦስታችን ወዛደር፣
በሳልሞን ፋብሪካ ቅርፊት ስንፍቅ የምናድር፤
አራተኛው ቶርኲል፣ የጀልባ ሞተር ፈቺ፤
እኔ ኤኔስ እባላለሁ፤ ከኋላ ነኝ፣ ድራም መቺ።

በሉዊስ ደሴት ጫፍ፣ ዛፍ በማይበቅልበት፣
ሰው ሁሉ ለነፋስ አጎንብሶ በሚሄድበት፣
ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ አንድ አዳራሽ አለ፤
ቁልፉን ሙርዶ ይዟል፣ «እስከ ስድስት ሰዓት!» እያለ።
ሙርዶ ሽማግሌ ነው፤ ሰንበትን ጠባቂ፣
በእሑድ ልብስ ያሰጣች ጎረቤቱን ጠያቂ።

ያን ክረምት የያዝነው አሮጌ ዜማ ነበር፣
ሴቶች የበግ ሱፍ ሲደልቁ፣ በረጅም ጠረጴዛ ዳር።
ኮይናክ ጊታሩን ከሞንታርቦ አገናኝቶ
ድምፁን አሻከረው፣ እንደ መልሕቅ ጎትቶ፤
ቶርኲል የባግፓይፑን ከረጢት በክንዱ ጨፍልቆ፣
አባቱ ቅባት ያጠጣው ቆዳ እንዳይቀደድ ተጠንቅቆ፤
እኔም ከኋላ ሆኜ ደብደብ፣ ደብደብ፣
ፈጣን፣ የከተማ፣ እንደ በረዶ ዝናብ።

በሩ ተበረገደ። ኢሽበል ናት፤ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ፤
ከካፖርቷ ሥር ፒጃማ፣ ባትሪ በእጇ፣ ቁጣ በፊቷ።
ጩኸቱን ልትከስ የመጣች መሰለን፤
ጊታሩን ዝቅ አድርገን ይቅርታ አልን።
«ጩኸቱማ ይጩህ» አለች፤ «ነፋሱም ይጮሃል።
ምቱ ነው የከፋኝ። ጨርቁ በዚህ ምት ይቀደዳል!»
ወደ እኔ መጣች። «ልጄ፣ ትቸኩላለህ።
ሱፍ ሲደለቅ አይተህ ታውቃለህ?»
አላየሁም።
«እንግዲያው ምኑን ትመታለህ?»

ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ጠረጴዛውን መታች፣
በመዳፏ፣ በክርኗ፤ ገፋች፣ መለሰች።
«አሥራ ሁለት ሴት ነበርን፤ ሽንት የጠጣ ጨርቅ ይዘን፣
ሽታው ዓይን ሲያስለቅስ እኛ ስቀን።
አንዷ ስታወጣ፣ ሌሎቻችን ስንቀበል፣
ባሏን ባሕር የወሰደባት አብልጣ ስትደልቅ፣ እኛ አይተን ዝም ስንል፤
ያ ነው ምቱ፤ ሱፉ እስኪጠብ፣ ውኃ እስከማያስገባ፣
ዓሣ አጥማጅ ለብሶት በሰላም እንዲገባ።»
ያልገባም አለ፣ አለችና መዳፏን አየች።

የየካቲት የመጨረሻ ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ፤
ሕፃን በትከሻ፣ አዛውንት በግድግዳ፣ ውሻ በኋላ።
ኢሽበልን መሐላችን አስቀመጥናት፤
ከጠረጴዛዋ ሥር ማይክ ደበቅንላት።
ባግፓይፑ ጮኸ፤ ጊታሩ ተከተለው፤
የስልሳ ዓመት ክርን ድራሜን መንገድ መራው።
ያን ማታ አልቸኮልኩም፤ እጇን እያየሁ፣
እንደ ከባድ መረብ ምቱን እየሳብሁ።
አዳራሹ ተቀባይ ሆነ፤ ጫማ ወለል ደለቀ፤
ከቆርቆሮው ላይ የስንት ዓመት አቧራ ወደቀ።

ሙርዶ ከቆጣሪው ጎን ቆሟል፣ ሰዓቱን እያየ፤
ፊቱ ላይ ምን እንዳለ ማንም አልለየ።
ሁለት ስንኝ ሲቀረን ስድስት ሰዓት ሆነ።
እጁ ወረደ። ጊታሩ መሐል መንገድ ባከነ።
ጨለማ።
የቶርኲል ከረጢት ብቻ፣ እንደ ተኛ ሰው ደረት፣
ቀስ ብሎ ተነፈሰና ገባ ወደ ሰንበት።
ኢሽበል እጇን አነሳች። እሷም ታከብራለች።
«ግማሹ ተደልቋል፤ ቀሪው ሰኞ» አለች።

ማንም አላጉረመረመ። ካፖርት ለብሰን ወጣን፤
ባሕሩ ከግራ በኩል በጨለማ እየጠራን።
ማን እንደጀመረው አላውቅም፦ ግራ፣ ግራ፣ ቀኝ፤
ግራ፣ ግራ፣ ቀኝ፤ ጠጠሩ ሲደለቅ ተሰማኝ።
ሙርዶ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ከኋላችን መጣ።
መራመድ ኃጢአት ነው አላለም።
ዞር ብዬ እግሩን አየሁት፤
ምቱን አልሳተም።