የምላስ ዕቁብ

ከሳልዊን ወንዝ ዳር፣ ከዓሣው ገበያ ማዶ፣
የዶ ቲን ኤ እሳት በሌሊት ይታያል፣ እርጥብ እንጨት ነዶ።
ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ወንበሯ ፕላስቲክ፣ አንዱ እግሩ የታሰረ፣
ግድግዳዋ ላይ የቀን መቁጠሪያ፣ ከአምናው ነሐሴ ያልተሻገረ።
ሰዓት ጠጋኝ ነኝና የቆመ ጊዜ ሳይ እጄን ይበላኛል፤
ልቀይረው ስላት፣ «ተወው» ትለኛለች፣ «ሥዕሉ ደስ ይላል።»

ሞሂንጋ ነው ምግቧ። ሌላ የላት፤ ለሌላ አትደክምም።
አምባዛ ትቀቅላለች፤ እሾኹን በጣቷ ትለቅማለች፣ አንድም አይቀርም።
ጠጅ ሣር ወቅጣ፣ ዝንጅብል ደቁሳ፣ የሙዝ ግንድ ልብ ከትፋ፣
የተቆላ ሽምብራ ዱቄት በጥብጣ፣ ቀስ ብላ ደፍታ፣ ቀስ ብላ በጭልፋ።

ቀድሞ የሚደርስ ቀዛፊው ኡ ሳን ሊን፣ ሽርጡ እስከ ጉልበቱ የራሰ።
ቀጥላ ማ ኢንዚ፣ ሌሊቱን ሕሙማን ስታስታምም ያደረች፤
ጫማዋን አውልቃ ሳህኗ ላይ ጎንበስ፣ እስክትጠግብ ዝም ያለች።
ጡረተኛው መምህር ናይ ቱን ከነጃንጥላው፣ ዝናብ ኖረም አልኖረም፤
እንቁላል ያስጨምራል፤ ሒሳብ ሲሆን ግን እንቁላሉን አያስታውስም።
ኮ ፓውክ በሦስት እግር ብስክሌቱ፣ ቅጠል እያኘከ ጥርሱ የቀላ፣
አንድ ሳህን በልቶ የሦስት ሳህን ወሬ የሚያወራ ከበላ በኋላ።
እኔም ከምሰሶው ሥር፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት።

በዝናቡ ወራት ትኩሳት ጣላት። አሥር ቀን ተኛች፤ በሩም ተዘጋ።
እኛ ግን መጣን። የት እንሂድ? ከበሩ ፊት ቆምን፣ እስኪነጋ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጭስ አየን።
ጉንጯ ሰርጉዷል። ሳህን ተቀበልን። አንድ ማንኪያ ቀመስን።
ጨው የለውም።

ተያየን።
ኡ ሳን ሊን ወንዙን አየ፤ መምህሩ ጃንጥላውን።
«እንዴት ነው?»
«እንደ ወትሮው» አልን በአንድ አፍ።

በማግስቱም የለውም። በሦስተኛውም።
ማ ኢንዚ ከሥራ ቦታዋ ጨው ቋጥራ መጣች በወረቀት፤
ዞር ስትል በጠረጴዛ ሥር እናሳልፋለን፣ እንደ ስርቆት።
ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባላል፤
እኛ ለሷ ስንል፣ ወረቀቱ ባለቀ ቀን፣ አልጫውን «ይጣፍጣል»።

በስምንተኛው ቀን፣ ጎማው የፈነዳበት የጭነት መኪና ሹፌር ጎራ አለ፤
ተቀመጠ፣ ቀመሰ፣ ማንኪያውን ጣለ፤
«እመቤት፣ ይኼ ምግብ ነው ወይስ የዓሣ እጣቢ? ጨው የት ሄደ?»

ጭልፋው በእጇ ቀረ። ቀመሰች። ደግማ ቀመሰች።
«ከትኩሳቱ ወዲህ ምላሴ እንጨት ነው» አለች።
«ማርም አመድም አንድ። ያው፣ እጄ ያውቃል ብዬ ነበር፤
እጄ ለካ ምላሴን እየጠየቀ ኖሯል...»
ከዚያ ወደኛ ዞረች።
«ስምንት ቀን! እናንተ ውሸታሞች!»
በጭልፋው የመምህሩን ጃንጥላ መታችው። ሁለት ጊዜ።
ሳቅ ይሁን ልቅሶ፣ ጭሱ ነበረበት፣ አልለየሁም።

ከዚያ ወዲህ ምላስ በተራ ነው፣ እንደ ዕቁብ።
ኡ ሳን ሊን ባሕር አፍ ያደገ ነውና ጨው ያስበዛል፤
መምህሩ ዓይኑን ጨፍኖ «ስልሳ ሁለት ከመቶ» ይላል።
ማ ኢንዚ በመድኃኒት መለኪያ ትሰፍራለች።
ሹፌሩ በወር ሁለቴ ያልፋል፤ ሳይቀምስ «አልጫ ነው» ይላል፤ ማንም አይሰማውም።
ኮ ፓውክ በተራው ዋዜማ ቅጠል አያኝክም።
ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። አልተናገርሁበትም።

የኔ ቅዳሜ ነው።
በሌሊት እነሣለሁ፣ አፌን በውኃ እጉመጠመጣለሁ።
ጭልፋውን ታቀርብልኛለች። ድስቱን አታይም፤ ፊቴን ነው የምታየው፣
እኔ የቆመ ሰዓት ጆሮዬ ላይ አስጠግቼ እንደማዳምጠው።
«ትንሽ» እላለሁ።
ትጨምራለች።
«ትንሽ።»